ምዕራፍ አምስት፦ ሳይዘጋ የቀረው ደጅ

የባሕርን ነገር ከሩቅ በወሬ ብቻ የሚያውቅ የደጋ ሰው፣ መርከብ ከየብስ እየራቀች በሄደች መጠን አደጋዋ የሚበዛ፣ ወደ የብስ እየቀረበች በመጣች መጠን ደግሞ ሥጋቷ የሚቀልል ይመስለዋል። ነገሩ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጥልቁና ሰፊው ውቅያኖስ፣ ማዕበሉ ምንም ቢያስፈራ፣ በሚገባ ለተሠራች መርከብ የተዘረጋ ጎዳና ሲሆን፣ ዓለቱና የአሸዋው ደለል፣ ጠባቡ የወደብ በር፣ የወጪና የገቢ መርከቦች መተላለፊያ፣ እንዲሁም የነጋዴው ጥድፊያ በአንድነት የሚገናኙበት የባሕር ጠረፍ ግን መርከበኛው እንቅልፍ የሚያጣበት ስፍራ ነው። ስለዚህም መንግሥታት የመርከብ አደጋን እየመረመሩ የሚጽፉትን መዝገብ የገለጠ አንባቢ፣ እጅግ ብዙዎቹ ታሪኮች ከዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ከዓይን በማይሰወር ርቀት የተፈጸሙ ሆነው ያገኛቸዋል።

በዚህ ምዕራፍ የምንመለከተው ከወደብ በር አንድ ማይል እንኳ ሳትርቅ የተገለበጠችውን የእንግሊዝ መርከብ፣ የሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝን አደጋ፣ ይልቁንም ከአደጋው በኋላ የተሰየመውን የምርመራ ሸንጎ ነው። ስለ መርከቢቱ መገልበጥ ብዙ ተጽፏል፤ ለእኔ ግን ምርመራው ከአደጋው ይልቅ የሚያስተምር ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በሥራው ሰዓት ተኝቶ የቀረ ሰው በአልጋው ላይ ከተገኘ በኋላ ጥፋቱን በእርሱ ላይ ጭኖ መዝገቡን መዝጋት እጅግ ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ዳኛው ከዚያ አልጋ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ ኩባንያው የዲሬክተሮች ጉባኤ ድረስ ለመውጣት ድፍረትና ትዕግሥት ስላላነሰው ነው።

ቀኑ ዓርብ የካቲት 27 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር፤ ይህም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ማርች 6 ቀን 1987 ማለት ሲሆን፣ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በእነርሱ አቈጣጠር ነው። ሄራልድ በጀርመን አገር በብሬመርሃፈን በ1980 የተሠራች፣ 132 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ ታውንሴንድ ቶረሰን በሚባል የንግድ ስም የእንግሊዝን ጠባብ ባሕር የምታሻግር መርከብ ነበረች። መኪናዎች በአንደኛው ጫፍ ገብተው በሌላው ጫፍ ስለሚወጡባት፣ የመኪናው ወለል ከፊቷ እስከ ኋላዋ ድረስ አንድም የሚከፍለው ግድግዳ የሌለበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ ግድግዳ ቢኖርበት መኪናው ማለፊያ ያጣልና። ወለሉ ከባሕሩ ገጽ ብዙም ከፍ ያላለ በመሆኑ፣ በባሕሩና በመርከቢቱ ሆድ መካከል የቆመው ነገር በሁለቱ ጫፎች ያለው የብረት ደጅ ብቻ ነው። የፊቱ ደጅ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚከፈት ስለ ነበረ፣ በማዘዣው ሰገነት ላይ የቆመው ካፒቴን ዝቅ ብሎ ቢመለከት ክፍት ይሁን ዝግ ይሁን ለይቶ ሊያየው አይችልም ነበር።

መርከቢቱ በተለይ የታሰበችው ከዶቨር ወደ ካሌ ለሚያደርሰው አጭር መንገድ ነበር። ያን ቀን ግን የነበረችው በቤልጅግ ወደብ በዜብሩጌ ነው። በዚያ ወደብ የነበረው የመኪና መሸጋገሪያ ድልድይ ባለ አንድ ደረጃ ብቻ ስለ ሆነና የባሕሩም ሙላት ከፍ ያለ ስለ ነበረ፣ ድልድዩ የላይኛውን የመኪና ወለል ሊደርስበት አልቻለም፤ ከዚህም የተነሣ በፊት በኩል ባሉት ጋኖች ውኃ ተሞልቶ መርከቢቱ አፍንጫዋን ወደ ታች እንድትደፋ ተደረገ። ጭነቱ ካለቀ በኋላ ይህን ውኃ መልሶ መቅዳት ረጅም ጊዜ ይፈጅ ነበርና፣ ጉዞው ሲጀመር አፍንጫዋ እንደ ተደፋ ነበረች። ውስጧ 459 መንገደኞችና 80 ሠራተኞች፣ 81 የቤት መኪናዎችና 47 የጭነት መኪናዎች ነበሩ። ከመንገደኞቹም ብዙዎቹ አንድ የለንደን ጋዜጣ ለአንባቢዎቹ ባቀረበው የአንድ ፓውንድ ቲኬት ቤልጅግን ጎብኝተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ።

የፊቱን ደጅ እንዲዘጋ የታዘዘው ምክትል የመርከበኞች አለቃ ነበር። ይህ ሰው የያዘውን ሥራ ፈጽሞ ዕረፍት ስለ ተሰጠው ወደ ክፍሉ ገብቶ ተኝቷል፤ ሁሉም በየስፍራው እንዲቆም በድምፅ ማጉያ የተላለፈውም ጥሪ አልቀሰቀሰውም። ደጁ መዘጋቱን እንዲያረጋግጥ ኃላፊነት ያለበት የመጀመሪያው መኮንን ደግሞ ምክትል አለቃው ወደ ደጁ መቈጣጠሪያ ሲመጣ ያየው ስለ መሰለው ትቶት ወደ ማዘዣው ሰገነት ወጣ፤ በመነሻ ሰዓት በሁለቱም ስፍራ እንዲገኝ የሚያዝዝ ሥርዓት ተጽፎለት ነበርና። ከመኪናው ወለል በመጨረሻ የወጣው የመርከበኞች አለቃ ደጁ ክፍት መሆኑን ቢያይም፣ መዝጋት ከተግባሩ ያልተቈጠረ መሆኑን አስቦ አለፈው። ካፒቴኑም ጎድሎ የቀረ ነገር እንዳለ የነገረው ሰው ስላልነበረ ሁሉ እንደ ተሟላ ቈጥሮ በግሪኒች ሰዓት ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ መልሕቅ አነሣ።

12 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ሲሆን የወደቡን የውጭ ግንብ አልፋ ፍጥነቷን ትጨምር ጀመር። ነፋሱ ቀላል፣ ባሕሩም የረጋ ነበር። ነገር ግን መርከብ በፈጠነች መጠን ከፊቷ የምትቀሰቅሰው ማዕበል ከፍ ይላል፤ ውኃው ጥልቀት በሌለው ስፍራ ደግሞ በፍጥነት የምትሄድ መርከብ ወደ ታች ትሳባለች፤ በዚህ ሁሉ ላይ አፍንጫዋ በጋኖቹ ውኃ ተደፍቷል። በሰዓት ወደ 18 የባሕር ማይል ስትቃረብ ማዕበሉ በተከፈተው ደጅ ገብቶ በመኪናው ወለል ላይ ይፈስስ ጀመር።

እዚህ ላይ አንባቢው ሊረዳው የሚገባ አንድ የመካኒክ ነገር አለ፤ ይኸውም መርከቢቱን የገለበጣት የውኃው ብዛት ሳይሆን ውኃው እንደ ልቡ ለመንቀሳቀስ ሰፊ ሜዳ ማግኘቱ ነው። ውኃ በእንስራ የተሸከመች ሴት ብትንገዳገድ ሚዛኗን ትመልሳለች፤ ያንኑ ውኃ በሰፊ ገበታ ላይ አድርጋ ብትሸከመው ግን፣ ገበታው ጥቂት ያዘመመ እንደ ሆነ ውኃው ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ጠርዝ ተጠራቅሞ ማዘንበሉን ያጠነክረዋል። መከፋፈያ የሌለው የመኪና ወለል ያ ገበታ ነው። ሄራልድም በድንገት ወደ ግራ ጎኗ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብላ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያም ውኃው ሲጠራቀም ፈጽማ ወደቀች። 12 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ነበር። ከማዘንበል እስከ መገልበጥ ያለው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ስላልሞላ የሕይወት ጀልባ ማውረድ ይቅርና የአደጋ ጥሪ ለማስተላለፍ እንኳ ፋታ አልተገኘም። የወደቀችው በአሸዋ ደለል ላይ ስለ ሆነ ቀኝ ጎኗ ከውኃው በላይ ቀረ፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ውስጧ ከነበሩት 539 ነፍሳት የሚተርፉት እጅግ ጥቂቶች በሆኑ ነበር።

መብራቷ ድንገት ሲጠፋ በአቅራቢያው የወደቡን ወለል የምትጠርግ መርከብ ሠራተኞች አይተው ለወደቡ አስታወቁ፤ የቤልጅግ የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተሮችና ጀልባዎች ብዙ ሳይቆዩ ደረሱ። በውስጥ የነበረው ሁኔታ ግን ለመግለጽ የሚያዳግት ነው፤ መተላለፊያው ሁሉ ጉድጓድ፣ ግድግዳው ወለል ሆኗል፤ በሩ ከራስ በላይ ተሰቅሏል፤ በጨለማውም ውስጥ የሞላው ውኃ በረዶ ሊሆን የቀረበ ነበር። አንድ ቁመተ ረጅም መንገደኛ በሁለት ስፍራዎች መካከል ገላውን ድልድይ አድርጎ ዘርግቶ ሃያ የሚያህሉ ሰዎችን በጀርባው ላይ አሻግሯል፤ ለዚህም ሥራው የጆርጅ ሜዳልያ ተሸልሟል። የሞቱት 193 ናቸው፤ ከእነዚህ 38ቱ የመርከቢቱ ሠራተኞች ነበሩ። ብዙዎቹን የገደላቸው ብርዱ ነው። በዚያን ጊዜ የመንገደኞች ስም ስለማይመዘገብ፣ ስንት ሰው እንደ ጠፋ ለማወቅ ራሱ ብዙ ቀን አስፈለገ።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት፣ መንግሥት የመርከብን መስጠም የሚመረምርበት ሥርዓት ከየት እንደ መጣ ጥቂት ማውሳት ይገባናል። በቀድሞው ዘመን የመርከብ መጥፋት የአምላክ ቍጣ፣ ቢበዛም የባለ ገንዘቦችና የመድን ሰጪዎች ክርክር እንጂ የመንግሥት ጉዳይ ተደርጎ አይቈጠርም ነበር። በእንግሊዝ አገር ፓርላማው በ1836 የመርከብ መስበርን ምክንያት የሚያጠና ጉባኤ አቋቋመ፤ በ1850 ካፒቴኖችና መኮንኖች ተፈትነው የምስክር ወረቀት እንዲይዙ ታዘዘ፤ በ1854 በወጣው የንግድ መርከብ ሕግም የምርመራው ሥርዓት እየጸና ሄደ። ይህ ሥርዓት ሲወለድ ጀምሮ ሁለት ፊት ነበረው፤ በአንድ በኩል የአደጋውን ሥር ይፈልጋል፣ በሌላ በኩል የካፒቴኑን የምስክር ወረቀት የመንጠቅ ሥልጣን አለው። መርማሪም ቀጪም የሆነ ሸንጎ እውነትን ለማግኘት ይቸገራል፤ ወረቀቱን ከተነጠቀ እንጀራውን የሚያጣ ምስክር ልቡን ከፍቶ አይናገርምና።

ሌላም ጉድለት ነበረበት። በ1912 ታይታኒክ ስትጠፋ በለንደን በሎርድ መርሲ ሰብሳቢነት የተሰየመው ሸንጎ የተጠራው በንግድ ሚኒስቴሩ ነበር፤ ነገር ግን የሕይወት ጀልባን ቍጥር የወሰነውን ደንብ ያወጣውም ያው ሚኒስቴር ነው። ደንቡ የተጻፈው ከ10,000 ቶን ለማይበልጡ መርከቦች ታስቦ ሲሆን፣ ታይታኒክ 46,000 ቶን ነበረች፤ 2,200 ያህል ሰው ጭና ለ1,178 ሰው ብቻ የሚበቃ ጀልባ ስትይዝም ከሕጉ በላይ እንጂ ከሕጉ በታች አልያዘችም። ደንቡ ያረጀበት መሥሪያ ቤት የራሱን ደንብ ማርጀት እንዲመረምር ሲደረግ፣ ምርመራው ምንም በቅንነት ቢካሄድ፣ ሕዝብ ያለ ጥርጥር ሊቀበለው አይችልም። የሚገርመው ነገር ይህ አሠራር ከዚያ በኋላ ከሰባ ዓመት በላይ መቀጠሉ ነው።

ከሄራልድ ጋር በቀጥታ የሚነጻጸረው ግን የፕሪንሰስ ቪክቶሪያ ነገር ነው። ይህች መኪና አሻጋሪ መርከብ በጃንዋሪ 31 ቀን 1953 ከስኮትላንድ ወደ ሰሜን አየርላንድ ስትጓዝ፣ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ያስነሣው ማዕበል የኋላ ደጇን ሰብሮ በመኪናው ወለል ላይ ገባ፤ የገባውን ውኃ የሚያስወጣው ቀዳዳ ስላልበቃ ከ130 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ከሴቶችና ከሕፃናት አንድ ስንኳ አልተረፈም። በቤልፋስት የተሰየመው ሸንጎ መርከቢቱን የገደላት ዐውሎ ነፋሱ ብቻ አለመሆኑን፣ ደጁ ደካማ፣ የውኃው መውጫም የማይበቃ መሆኑን፣ ቀደም ብሎ የደረሰውንም ማስጠንቀቂያ ባለ ንብረቶቹ እንዳላሰቡበት ፈረደ። እንግዲህ በመኪናው ወለል ላይ የገባ ውኃ መርከብን ፈጽሞ እንደሚያጠፋ፣ ሄራልድ ከመገልበጧ 34 ዓመት አስቀድሞ በይፋ መዝገብ ተጽፎ ነበር።

የሄራልድን ነገር እንዲመረምር የተሾመው ዳኛ ባሪ ሺን፣ የባሕር ጉዳይ ዐዋቂ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሲሆን፣ አጠገቡም የመርከብ ሥራን የሚያውቁ አማካሪዎች ተቀመጡ። ሸንጎው በለንደን ምስክሮችን በገሃድ ሰምቶ፣ በዚያው ንድፍ በተሠራች እኅት መርከቧ ላይና በትናንሽ አምሳያዎች ላይ ሙከራ አስደርጎ፣ አደጋው ከደረሰ ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ በጁላይ 1987 ፍርዱን አወጣ። ዛሬ ብዙ ምርመራ ዓመታት ሲፈጅ ለምናይ ሰዎች ይህ ፍጥነት ራሱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሸንጎው በመጀመሪያ ያገኘው ከላይ የተናገርነውን ነው፤ የተኛውን ሰው፣ የቸኮለውን መኮንን፣ ያልጠየቀውን ካፒቴን። የተኛውም ሰው ስሕተቱን ሳይሸሽግ አምኗል። ዳኛው ግን ሦስቱን ሰዎች በዚያ ምሽት እንደዚያ እንዲያደርጉ ያበቃቸው ምን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ የምርመራው ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። መኮንኑ ለምን ቸኮለ? በካሌ መንገድ ላይ ከካፒቴኑ በታች ሦስት መኮንኖች ሲመደቡ፣ የዜብሩጌ ጉዞ ረዘም ያለ ስለ ሆነ ማረፊያ ጊዜ ያገኛሉ ተብሎ ሁለት ብቻ ስለ ተመደቡ ነው፤ ከዚህም በላይ በዜብሩጌ የነበረው የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከሰዓቱ አስቀድሞ መነሣት የተሻለ መሆኑን፣ የዘገየውንም መኮንን ማጣደፍ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤ ስለ ጻፈ ነው። ካፒቴኑስ ለምን አልጠየቀም? የኩባንያው ጽሑፍ ጎደሎ ካለ ይነገረው፣ ካልተነገረው ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ይነሣ የሚል ሥርዓት ስለ ሠራ ነው። ይህ ሥርዓት ዝምታን እንደ ምስክርነት የሚቈጥር ነው፤ የተኛ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ዝም የሚል ሰው ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር ደግሞ ተገኘ። በኦክቶበር 1983 ፕራይድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የተባለችው የሄራልድ እኅት፣ የምክትል አለቃው እንቅልፍ ወስዶት፣ የፊቱም የኋላውም ደጅ ሳይዘጋ ከዶቨር ወጥታ ነበር። በዚያ ቀን ማንም አልሞተም፤ ስላልሞተም ከነገሩ የተማረ አልተገኘም። ከዚያም በ1985 የአንዷ መርከብ ካፒቴን፣ በማዘዣው ሰገነት ላይ ደጁ መዘጋቱን የሚያሳይ ትንሽ መብራት እንዲደረግ ለኩባንያው ጽፎ ለመነ። መብራቱ የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት መቶ ፓውንድ ብቻ ነበር። ማመልከቻው በዶቨር ጽሕፈት ቤት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር፣ ከኃላፊዎቹ አንዳንዶቹ መርከበኛው አለመስከሩን የሚነግር መብራት ደግሞ ይፈለግ እንደ ሆነ የሚል የፌዝ ቃል በጠርዙ ላይ ጻፉበት። መብራቱ አልተሠራም። አደጋው ከደረሰ በኋላ ግን በቀሩት መርከቦች ሁሉ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሠራ። ዳኛው ሺን በዚህ ላይ የተናገረው ቃል ብርቱ ነው፤ ኩባንያው ከራሱ እስከ እግሩ ድረስ በሀኬት ደዌ መበከሉን፣ ዲሬክተሮቹም የመርከቦቻቸው ደኅንነት የእነርሱ ተግባር መሆኑን ያልተረዱ እንደ ነበሩ በግልጽ ጻፈ። ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ዳኛ የባለ ሀብቶችን ጉባኤ በዚህ ቋንቋ መገሠጹ በዚያን ጊዜ የተለመደ አልነበረም።

ሸንጎው ያወጣቸው ሌሎች ነገሮች ደግሞ ከዚህ አያንሱም። መርከቢቱ ከመነሣቷ በፊት ምን ያህል እንደ ጠለቀች በዓይን ተለክቶ በመዝገብ መጻፍ ሲገባው፣ ሳይለካ በግምት ይጻፍ ነበር፤ የጭነት መኪናዎቹም እውነተኛ ክብደት ከሚነገረው ይበልጥ ነበር፤ መርከቦቹ ከተፈቀደላቸው ቍጥር በላይ መንገደኛ እየጫኑ መውጣታቸውን ካፒቴኖች ደጋግመው ቢያመለክቱም ሰሚ አላገኙም። አንድ ጊዜ የተዋረደ ሥርዓት በአንድ ስፍራ ብቻ ተዋርዶ አይቀርም።

ካፒቴኑ የምስክር ወረቀቱ ለአንድ ዓመት፣ የመጀመሪያው መኮንን ለሁለት ዓመት ታገደ። በእኔ አስተያየት የካፒቴኑ ቅጣት ተገቢ ነው፤ ሥርዓቱ ምንም ክፉ ቢሆን፣ የነፍስ ኀላፊነት የተቀበለ ሰው ደጄ ተዘግቷልን ብሎ ለመጠየቅ የማንንም ፈቃድ አያስፈልገውምና። ነገር ግን ሁለቱ መርከበኞች ወረቀታቸውን ሲነጠቁ፣ የፌዙን ቃል የጻፉትና ያነበቡት ሰዎች የሚነጠቁት ወረቀት አልነበራቸውም። ሸንጎው ጥፋቱን ከላይ አገኘው፣ በትሩ ግን ከታች ያሉትን እንጂ ከላይ ያሉትን አይደርስም ነበር።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የወንጀል ሕግ ተሞከረ። በኦክቶበር 1987 የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረው የዶቨር ዳኝነት ጉባኤ ሰዎቹ ከሕግ ውጭ የተገደሉ ናቸው ብሎ ስለ ፈረደ፣ ዐቃቤ ሕጉ ኩባንያውንና ሰባት ሰዎችን በነፍስ ማጥፋት ከሰሰ። በ1990 በለንደን ክሱ ሲሰማ ዳኛው ኩባንያ በነፍስ ማጥፋት ሊከሰስ እንደሚችል ተቀበለ፤ ይህም በእንግሊዝ ሕግ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ኩባንያውን በደለኛ ለማድረግ ከአመራሩ አንድ ሰው ብቻውን በደለኛ ሆኖ መገኘት ነበረበት፤ የብዙ ሰዎችን ጥቃቅን ቸልታ ደምሮ አንድ ታላቅ በደል ማድረግ አይፈቀድም ነበርና ክሱ ሳይጸና ቀረ። የእንግሊዝ ፓርላማ የድርጅትን አመራር በጠቅላላው የሚያስጠይቀውን ሕግ ያወጣው በ2007 ነው።

የባሕሩ ሥርዓት ግን ከወንጀሉ ሕግ ይልቅ ፈጥኖ ተለወጠ። በ1989 እንግሊዝ የባሕር አደጋ ምርመራ ቢሮዋን ደንብ ከሚያወጣው ክፍል ለይታ አቋቋመች፤ ይህ ቢሮ የአደጋን ምክንያት ይመረምራል እንጂ አይከስስም፣ ወረቀትም አይነጥቅም። ከታይታኒክ ጀምሮ የተነሣው ቅሬታ በዚህ መልስ አገኘ። በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት አማካይነትም የመርከብ ደጆች መዘጋታቸውን የሚያሳይ መብራት ግዴታ ሆነ፤ ከ1998 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ኩባንያ የደኅንነት አስተዳደር ሥርዓቱን በጽሑፍ እንዲያዘጋጅና ከከፍተኛው አመራር ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አንድ የተሰየመ ሰው በየብስ እንዲኖር ታዘዘ። የ1985ቱ ማመልከቻ በዚህ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ በጠርዙ ላይ ተፌዞበት ሊቀር አይችልም ነበር። በባሕር ዳር ከተማ ሠልጥነው በዓለም መርከቦች ላይ የሚያገለግሉት ኢትዮጵያውያን የመርከብ መኮንኖችም ዛሬ የሚሠሩት በዚሁ ደንብ ነው፤ ስለዚህ የወደብ ባለቤት ያልሆነ አገር አንባቢ ይህ ታሪክ የእኔ አይደለም ሊል አይገባውም።

መርማሪውና ቀጪው መለያየታቸው ያመጣው ጥቅም በ2012 በኢጣልያ ታይቷል። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው ታላቅ የመንሸራሸሪያ መርከብ በጂሊዮ ደሴት ዳርቻ ዓለት መትታ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ ካፒቴኑን የወንጀል ፍርድ ቤት በ16 ዓመት እስራት ቀጣው፤ የባሕር አደጋ መርማሪዎቹም በሌላ መዝገብ መርከቢቱ ለምን ወደ ዳር እንደ ተጠጋችና መንገደኞቹ ለምን ዘግይተው እንደ ወጡ ጻፉ። ሁለቱ ሥራዎች ባይነጣጠሉ ኖሮ፣ የአንዱ ሰው ነውር የሁለተኛውን ጥያቄ በሸፈነው ነበር።

ይሁን እንጂ በሄራልድ ምክንያት የመጣውን ለውጥ ከመጠን በላይ ማወደስ አይገባም። በሴፕቴምበር 28 ቀን 1994 ኤስቶኒያ የተባለችው አሻጋሪ መርከብ ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ስትሄድ፣ የባልቲክ ባሕር ማዕበል የፊት ክዳኗን ከነመቆለፊያው ገነጠለው፤ ውኃው በመኪናው ወለል ላይ ገብቶ 852 ሰዎች ሞቱ። በማዘዣው ሰገነት ላይ መብራት ነበር፤ ነገር ግን መብራቱ የመቆለፊያውን መወርወሪያ ብቻ የሚከታተል ስለ ነበረ ክዳኑ ሲገነጠል ምንም አልተናገረም። ደጁን ስለ መዝጋት እንጂ ውኃው ከገባ በኋላ መርከቢቱ ቆማ ስለምትቆይበት ብልሃት በበቂ ያሰበ ሕግ ገና አልነበረም። የሰሜን ምዕራብ አውሮፓ መንግሥታት፣ አሻጋሪ መርከብ ሁሉ በመኪናው ወለል ላይ እስከ 50 ሳንቲሜትር ውኃ ቢገባ ሳትገለበጥ እንድትቆም የሚያስገድደውን ስምምነት በስቶክሆልም የተፈራረሙት በ1996 ነው፤ ይህም የቤልፋስቱ ሸንጎ ስለ ፕሪንሰስ ቪክቶሪያ ፍርዱን ከሰጠ ከ43 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።